አንድ ቴስላ ለሁለት ሦስት ሾፌር፦ የሾፌር ፕሮፋይልን በትክክል ማዘጋጀት

ቴስላ ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ ላይ ያለው የሾፌር ፕሮፋይል አንድን መኪና ለሚጋሩ ሰዎች ትልቅ ዕረፍት ነው። ባልና ሚስት በየተራ ለሚነዱት፣ ልጃቸው መንጃ ፈቃድ ላወጣ ቤተሰብ፣ በዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያ አካባቢ ደግሞ አንዱ ቀን ሌላው ማታ ኡበርና ሊፍት ለሚሠራበት መኪና በጣም ይጠቅማል። በትክክል ከተዘጋጀ ሾፌሩ በሩን ሲከፍት ወንበሩ፣ መሪውና ስፖኪዮው ወደ እሱ ልክ ይመጣሉ። በግማሽ ከቀረ ግን በየቀኑ ያናድዳል። አጭሯ ሾፌር ያቆመችው መኪና ውስጥ ረጅሙ ሰው ሲገባ ጉልበቱ መሪው ሥር ይጨነቃል፣ ጥሪ ሲመጣ በሌላው ሰው ስልክ ይደወላል፣ መኪናው ትናንት ከነበረው በላይ ይፈናጠራል።

ብዙ ሰው ፕሮፋይሉ ላይ ስሙን ጽፎ፣ ወንበሩን አስተካክሎ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሥራው ግን ከዚያ በኋላ ነው ያለው። አንድ ሾፌር ከመኪናው ጋር የሚገናኝባቸው መንገዶች አራት ናቸው፦ መኪናው ውስጥ የተቀመጠው ፕሮፋይል፣ በአፑ ላይ የተሰጠው የሾፌርነት ፈቃድ፣ ቁልፍ ሆኖ የሚያገለግለው ስልክ፣ እና ለጥሪና ለሙዚቃ በብሉቱዝ የሚገናኘው ስልክ። አራቱም ለየብቻቸው ነው የሚዘጋጁት፤ አንዱን ማድረግ ሌላውን አያመጣም። ከዚህ መኪና ጋር የሚነሳው ቅሬታ አብዛኛው የሚመጣው ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ሳይዘጋጁ ስለሚቀሩ ነው።

የስክሪኑ ምናሌዎች በአማርኛ ስለሌሉ ስማቸውን እንደሚነበቡት እንጽፋለን። ሶፍትዌሩ በየጊዜው ስለሚታደስ አንዳንዱ ማዘዣ ቦታውን ወይም ስሙን ሊቀይር ይችላል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ፕሮፋይሉ የሚይዘውና የማይይዘው

የሾፌሩን ወንበር አቀማመጥ፣ የመሪውን ከፍታና ርቀት፣ የጎን ስፖኪዮዎቹን አቅጣጫ ይይዛል። ወደ ኋላ ስትሄዱ ስፖኪዮው ወደ ጎማው እንዲያዘነብል ካደረጋችሁት እሱንም ያስታውሳል። የፍጥነት አጨማመር ምርጫው፣ ማለትም ለስላሳው ቺል ይሁን መደበኛው፣ የመሪው መክበድና መቅለል፣ የማቀዝቀዣና ማሞቂያው ምርጫ፣ የማሳያው አቀማመጥም ከሾፌሩ ጋር አብረው ይሄዳሉ።

ሁሉም ሰው እንደተያዘለት የሚያስበው ግን ያልተያዘለት ነገር አለ። የውስጡ የመሀል መስታወት በእጅ የሚስተካከል ነው፤ ሞተር ስለሌለው ፕሮፋይሉ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። የደህንነት ቀበቶው በትከሻ በኩል የሚታሰርበት ከፍታም እንደዚሁ በእጅ ነው ከፍና ዝቅ የሚለው። የቁመታቸው ልዩነት ሰፊ የሆነ ሁለት ሰዎች በተቀያየሩ ቁጥር እነዚህን ሁለቱን መንካት አለባቸው። በተለይ ቀበቶው ለረጅሙ ሰው ከፍ ብሎ ቀርቶ አጭሯን ሾፌር አንገቷ ላይ እንዳያርፍባት መታየት አለበት።

የቻርጅ ገደቡ የመኪናው ነው፣ የማንም ሾፌር አይደለም። አንዱ ለረጅም መንገድ ብሎ 100 ላይ ካደረገው ለሌላውም 100 ሆኖ ይቆያል። ባትሪው ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) የሚባለው ዓይነት ካልሆነ የዘወትር ገደቡ 80 ከመቶ ቢሆን ለባትሪው ይሻላል፤ ስለዚህ ከፍ ያደረገው ሰው ሲመለስ ዝቅ ያድርገው። መኪናው ቆሞ ሳለ ዙሪያውን በካሜራ የሚጠብቅበት ሴንትሪ ሞድም፣ መኪናው ሳይነዳ በፊት የሚጠይቀው የፒን ቱ ድራይቭ ባለአራት አሃዝ ቁጥርም የጋራ ናቸው። ባል ፒን አስገብቶ ለሚስቱ ሳይነግር ከሄደ መኪናው ለእሷም አይነሳም።

ወንበሩን ከማስተካከል በፊት ፕሮፋይሉን መፍጠር

ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። አዲሱ ሾፌር የሌላው ሰው ፕሮፋይል ክፍት ሆኖ ሳለ ወንበሩን ማስተካከል ከጀመረ የዚያን ሰው ልክ ነው የሚያበላሸው። ስለዚህ መኪናው ፓርክ ላይ ሆኖ በመጀመሪያ በስክሪኑ አናት ያለውን የሰው ምስል ንኩ፣ አዲስ ሾፌር መጨመሪያውን ምረጡ፣ ስሙን ጽፋችሁ ፍጠሩ። መኪናው እስከ 10 ፕሮፋይል ይይዛል። ማስተካከሉ ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

መጀመሪያ ወንበሩ ነው። ጀርባችሁን ሙሉ በሙሉ አስደግፋችሁ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ማለት አለበት። ቀጥሎ መሪው። በኮንትሮልስ ምናሌ ውስጥ የመሪ ማስተካከያውን ከነካችሁ በኋላ በመሪው ግራ በኩል ባለችው ተሽከርካሪ ቁልፍ ነው ከፍና ዝቅ፣ ቀረብና ራቅ የምታደርጉት። በደረታችሁና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር ይቅር፤ ከዚያ ካነሰ ኤርባጉ ሲፈነዳ ራሱ ጉዳት ያደርሳል። አጭር ሾፌሮች ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ሲሉ ወንበሩን በጣም ስለሚያቀርቡት ይህ ርቀት ይጠፋባቸዋል። መፍትሔው መሪውን ወደ ዳሽቦርዱ መግፋትና የወንበሩን መደገፊያ በትንሹ ወደ ኋላ ማስተኛት ነው። ስፖኪዮ መጨረሻ ይምጣ፤ ወንበሩ ከተነቃነቀ ስፖኪዮው እንደገና መስተካከል ይፈልጋልና። እሱም በኮንትሮልስ በኩል ግራ ወይም ቀኝ መርጦ በዚያችው ቁልፍ ይስተካከላል።

ሁሉም ከተስተካከለ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ሴቭ ንኩ። ይህች ማዘዣ የዚህ ሥርዓት ጠባይ የሚታወቅባት ናት፤ ጊዜ ወስዶ መረዳት ይገባል። የወንበር፣ የመሪና የስፖኪዮ ለውጥ ሴቭ ካልተባለ አይቀመጥም። ባነቃነቃችሁ ቁጥር መኪናው ሴቭ ወይስ ሪስቶር ብሎ ይጠይቃል፤ ሪስቶር ወደ ቀድሞው ይመልሳል። ሌሎቹ ምርጫዎች ግን ሳይጠይቁ ወዲያው ነው የሚቀመጡት። እንግዲህ በሚስትዎ ፕሮፋይል ገብተው ለአሥር ደቂቃ ያህል ሲነዱ ቺሉን ወደ መደበኛው ከቀየሩት ነገ ጠዋት እሷ የምትነዳው መኪና ሌላ ነው። ወንበሩ ስላልተነካ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ለአጭር መንገድም ቢሆን ወደ ራስ ፕሮፋይል መቀየር የሚገባው ለዚህ ነው።

ፕሮፋይል ሲመረጥ ወንበሩ ይንቀሳቀሳል። ረጅም ሰው ተቀምጦ ሳለ የአጭር ሰው ፕሮፋይል ከተነካ ወንበሩ ወደ መሪው ይገፋዋል። ማቆሚያው ቀላል ነው፦ ስክሪኑ ላይ ስቶፕ የሚለውን መንካት፣ ወይም ከወንበሩ ጎን ካሉት ማዘዣዎች አንዱን ነካ ማድረግ። በእጅ የሆነ ማንኛውም ንክኪ እንቅስቃሴውን ያቆመዋል። መኪናውን የሚነዳ ሰው ሁሉ ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት።

ስልኩን ቁልፍ ማድረግ፣ ቁልፉን ከፕሮፋይሉ ጋር ማሰር

የመኪናው ባለቤት በቴስላ አፕ ውስጥ ሴኩሪቲ ኤንድ ድራይቨርስ የሚለውን ከፍቶ ሾፌር ይጨምራል። አፑ የግብዣ ሊንክ ይሠራለታል፤ ያንን በፈለገው መልእክት ይልከዋል። ተቀባዩ ሊንኩን በራሱ የቴስላ አካውንት ነው መክፈት ያለበት፤ ከሌለው በነፃ ያወጣል። በዚህ መንገድ እስከ 5 ሰው መጨመር ይቻላል።

አቋራጭ ፈልገው በአንድ አካውንት በሁለት ስልክ የሚገቡ ብዙ ናቸው። ለጊዜው ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ከሁለቱ አንዱን ማስወጣት ሲያስፈልግ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ከመቀየር በቀር ለይቶ ማስወጣት አይቻልም። ከዚያም በላይ በባለቤቱ አካውንት የገባ ሰው በባለቤቱ ካርድ መግዛትም ይችላል፤ በግብዣ የገባ ሾፌር ግን ለመኪናው የሚሸጡ ማሻሻያዎችን መግዛት አይችልም። ለሁሉም የየራሱ አካውንት ይኑረው።

ግብዣውን ከተቀበለ በኋላ ተቀባዩ ብሉቱዙን ከፍቶ መኪናው አጠገብ ወይም ውስጥ ሆኖ በአፑ ላይ ፎን ኪይ የሚለውን ማዘጋጃ ይጫናል። ይህን ሲያደርግ ከመኪናው ጋር ከመጡት ሁለት የቁልፍ ካርዶች አንዱ በእጁ ቢኖር ጥሩ ነው፤ መኪናው ማረጋገጫ ከጠየቀ ካርዱን በመሀል ኮንሶሉ ላይ ማስነካት ይበቃል። ከዚያ በኮንትሮልስ ውስጥ ሎክስ የሚለውን ስትከፍቱ አዲሱ ስልክ ከቁልፎቹ ዝርዝር ውስጥ ይታያል። መኪናው በጠቅላላው እስከ 19 ቁልፍ ይቀበላል።

አሁን ነው ብዙዎች የሚዘሉት እርምጃ የሚመጣው። ስልኩ ቁልፍ ሆነ ማለት መኪናው ፕሮፋይሉን አወቀ ማለት አይደለም። የሾፌሩን ፕሮፋይል ምረጡ፣ የፕሮፋይሉን ማስተካከያ ክፈቱ፣ ከቁልፍ ጋር የሚያገናኘውን አማራጭ ንኩና የዚያን ሰው ስልክ ምረጡ። አንድ ቁልፍ ለአንድ ፕሮፋይል ብቻ ነው የሚታሰረው። ይህ ካልተደረገ መኪናው ስልኩን አይቶ በሩን ይከፍታል፣ ወንበሩ ግን መጨረሻ የነዳው ሰው ልክ ላይ ይቀራል።

ቁልፉ አንዳንዴ ሠርቶ አንዳንዴ የሚያስቸግር ከሆነ መኪናውን ከመጠርጠር በፊት ስልኩን እዩ። አንድሮይድ ላይ የቴስላ አፕ የባትሪ አጠቃቀሙ ያልተገደበ መሆን አለበት፤ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን ከጀርባ ሲዘጋው መኪናው የሚሰማው ምንም የለም። የአካባቢ ፈቃዱ ሁልጊዜ የሚለው ላይ ይሁን፣ በቅርብ ያሉ መሣሪያዎችን የመፈለግ ፈቃዱም ይሰጠው። አይፎን ላይም የአካባቢ ፈቃዱ ሁልጊዜ ላይ ይሁን፤ አፑን ጠርጎ የመዝጋት ልማድ ያለው ሰው ይህንን አፕ ይተወው። ስልኩ ከተቀየረ ፎን ኪይ ከነማሰሪያው እንደ አዲስ ይዘጋጃል፤ የድሮው ስልክ ከሎክስ ዝርዝር ይሰረዝ።

ሁለቱም ሰዎች አብረው ሲመጡ

የዚህ ሥርዓት ደካማ ጎን እዚህ ነው። ሾፌሮቹ ለየብቻቸው ሲመጡ መኪናው ብዙም አይሳሳትም። ባልና ሚስት አብረው ሲመጡ ግን ሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ይሰማና የትኛው በሾፌሩ በር በኩል እንዳለ ከብሉቱዙ ጥንካሬ ተነስቶ መገመት ይኖርበታል። የሰው አካል ይህን ሞገድ ስለሚያዳክም በኋላ ኪስ ያለ የሾፌሩ ስልክ፣ ከእሱ ራቅ ብሎ በእጅ ከተያዘው የተሳፋሪው ስልክ ይልቅ ደክሞ ሊሰማ ይችላል። ልጅን ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር የሚያስር ሰው ደግሞ ስልኩን ይዞ እዚያው በር አጠገብ ነው የሚቆመው። ውጤቱ የተሳሳተ ወንበር ነው።

መፍትሔው በአመዛኙ ልማድ ነው። የሚነዳው ሰው ቀድሞ ይጠጋ፣ የሾፌሩን በርም እሱ ይክፈት። ከተሳሳተ ፍሬን ከመርገጥና ከመንቀሳቀስ በፊት የሰውን ምስል ነክቶ የራሱን ስም ይምረጥ፤ ወንበሩን በእጅ እየገፋ ማስተካከል ሥራውን ከማራዘሙ በላይ በስህተት ሴቭ የመንካት በር ይከፍታል። ስህተቱ በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነና አንደኛው ሰው ዘወትር ተሳፋሪ ከሆነ የእሱን ስልክ ብሉቱዝ ወደ መኪናው ሲቀርቡ መዝጋት ያስተካክለዋል። አዳዲሶቹ መኪኖች ኡልትራ ዋይድባንድ በሚባለው ዘዴ ይህንን ከሚደግፉ ስልኮች ጋር ርቀትን በትክክል ስለሚለኩ ስህተቱ ይቀንሳል። ገና ሊገዙ ላሰቡና ሁልጊዜ አብረው ለሚጓዙ ባልና ሚስት ይህ ልዩነት ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በካርድ የሚገቡ ሰዎች ካርዱን በሾፌሩና በኋላው በር መካከል ባለው ቋሚ ላይ፣ ከካሜራው ዝቅ ብለው ያስነኩታል። መኪናውን ለማስነሳት ከዚያ በ2 ደቂቃ ውስጥ ፍሬን መርገጥ ያስፈልጋል፤ ጊዜው ካለፈ ካርዱን በድሮዎቹ ከኩባያ ማስቀመጫው ኋላ፣ በአዲሶቹ ከስልክ ቻርጅ ማድረጊያው ላይ ያስቀምጡታል። በካርድ በገባችሁ ቁጥር የማን ስም እንደተመረጠ ከስክሪኑ አናት አረጋግጡ።

ጥሪው በማን ስልክ ይደወላል?

ቁልፍ የሆነው ስልክ ለጥሪና ለሙዚቃ ገና አልተገናኘም። ለዚያ በብሉቱዝ ምናሌ እንደ ማንኛውም መኪና ለብቻው ይገናኛል። እያንዳንዱ ሾፌር የራሱን ፕሮፋይል መርጦ ስልኩን ካገናኘ በኋላ ለዚያ ፕሮፋይል ቀዳሚው ስልክ አድርጎ ይምረጠው። ይህ ካልሆነ ሁለቱም ስልኮች መኪናው ውስጥ ባሉ ቀን የትኛው ቀድሞ እንደሚይዝ አይታወቅም፤ የሚስት የግል ጥሪ በልጆች ፊት በድምፅ ማጉያው ይወጣል። ስፖቲፋይን የመሳሰሉ የሙዚቃ አካውንቶችም በየፕሮፋይሉ ይግቡ።

ኢዚ ኢንትሪ እና የሕፃን ወንበር

ኢዚ ኢንትሪ ፓርክ አድርጋችሁ ቀበቶ ስትፈቱ መሪውን አርቆ ወንበሩን ወደ ኋላ የሚስብ ነው። ወገብ ወይም ጉልበት ለሚያማቸው፣ በሐበሻ ቀሚስ ወይም በካፖርት ለሚገቡና ለሚወጡ ግሩም ነገር ነው። ተመልሳችሁ ፍሬን ስትረግጡ ወንበሩ ወደ ልካችሁ ይመለሳል። እያንዳንዱ ሾፌር በየፕሮፋይሉ ይጠቀምበት አይጠቀምበት ይመርጣል፤ የኢዚ ኢንትሪው ቦታ ግን ለሁሉም የጋራ ነው።

ችግሩ ከሾፌሩ ኋላ ሰው ወይም የሕፃን ወንበር ሲኖር ነው። በተለይ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚታሰረው የሕፃን ወንበር ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ የፊቱ ወንበር ወደ ኋላ ሲመጣ ይጫነዋል፣ አስተሳሰሩንም ያላላል። የሕፃኑን ወንበር ከተሳፋሪው ኋላ ማድረግ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ይህ ካልተቻለ የሕፃኑ ወንበር በቦታው ሆኖ ኢዚ ኢንትሪን ምረጡ፣ የፊቱን ወንበር ሳይነካው እስከሚቀርበት ብቻ ወደ ኋላ አምጡና እዚያ ላይ ሴቭ በሉ። መሪው ብቻ ሸሽቶ ወንበሩ ባይነቃነቅም ጥቅም አለው። ከዚህ ጋር የረጅሙን ሾፌር ፕሮፋይልም ከሕፃኑ ወንበር ጋር ፈትኑት፤ የእሱ ልክ ራሱ የሚነካው ከሆነ ኢዚ ኢንትሪን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

በፈረቃ ለሚሠሩ፣ ለጀማሪ ልጆች፣ ለመኪና አቋሚ ሠራተኛ

ኡበር ለሚሠራ ሰው አንድ ምክር አለን፦ ለአንድ ሰው ሁለት ፕሮፋይል ይኑረው። አንዱን ሥራ፣ ሌላውን ቤት በሉት። የሥራው ቺል ላይ ይሁን። ቴስላ እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ራሱን በኃይል ስለሚይዝ፣ ሲረገጥም ወዲያው ስለሚወረወር ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቶሎ ያቅለሸልሸዋል። ቺል የመጀመሪያውን መወርወር ያለሰልሰዋል፤ ቀሪው የሾፌሩ እግር ነው፣ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ። አንድ ስልክ ለአንድ ፕሮፋይል ብቻ ስለሚታሰር የሚበዛበትን የሥራውን እሰሩት፤ የቤቱን በእጅ መምረጥ ይቻላል። ሁለት ሰው በፈረቃ የሚሠራበት መኪና ላይ ደግሞ ሁለቱም ስማቸው ኢንሹራንሱ ላይ መኖሩን፣ በኡበርም በየራሳቸው አካውንት መሥራታቸውን ያረጋግጡ፤ ፕሮፋይል ማዘጋጀት ይህንን አይተካም።

ለጀማሪ ልጅ ፕሮፋይል ብቻውን አጥር አይሆንም፤ ልጁ ስክሪኑን ነክቶ ወደ አባቱ ፕሮፋይል መግባት ይችላል። ለዚህ የተሠሩት በባለአራት አሃዝ ቁጥር የሚቆለፉት ናቸው። ስፒድ ሊሚት ሞድ ከፍተኛውን ፍጥነት በሰዓት ከ50 እስከ 120 ማይል ባለው ውስጥ በመረጣችሁት ይገድባል፤ ወደ ገደቡ 3 ማይል ሲቀረው በድምፅ ያስጠነቅቃል። ፓረንታል ኮንትሮልስ ከዚህ ሰፋ ያለ ነው፤ ከፍጥነቱ ሌላ አጨማመሩን ወደ ቺል ይቆልፋል፣ የደህንነት ረዳቶቹ እንዳይጠፉ ያደርጋል፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ መኪናው ከተነዳም በአፑ ያሳውቃል። ቁጥሩ የልጁ የልደት ዓመት እንዳይሆን።

መኪናውን ለማያውቁት ሰው ሲሰጡ ቫሌት ሞድ ነው ትክክለኛው። ፍጥነቱን በሰዓት 70 ማይል፣ ማለትም 113 ኪሎሜትር ላይ ይገድባል፣ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ የፊት ዕቃ ማስቀመጫውንና የዳሽቦርዱን መሳቢያ ይቆልፋል፣ የቤትና የሥራ አድራሻችሁን ይደብቃል፣ የሌሎቹን ሾፌሮች ፕሮፋይልም ይዘጋል። ለጋራዥ ሠራተኛም፣ ለሠርግ ቀን መኪና ለሚያቆም ወጣትም ይሆናል።

መኪናው የት እንዳለ ማን ያያል?

በአፑ ሾፌር የሆነ ሁሉ መኪናው የት እንደቆመ፣ እየተነዳ እንደሆነም ያያል፤ ከሩቅ በሩን መክፈትም ይችላል። ለባልና ሚስት ይህ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። መኪና በፈረቃ የሚጋሩ ሁለት ባልንጀሮች ግን ከመጀመሩ በፊት ይነጋገሩበት፤ ሳይነገረው ሲከታተሉት የቆየ ሰው ሲያውቅ ወዳጅነቱም የሥራ ሽርክናውም ይናጋል። መኪናውን ብቻ እንዲነዳ የሚፈለግ ሰው ካለ የአፕ ፈቃድ ሳይሰጠው ካርድ መስጠት ይቻላል።

አዲስ አበባ ላሉ መኪኖች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተደረገ ወዲህ አዲስ አበባ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኛዎቹ ከቻይና ገበያ የመጡ ናቸው፤ ቢዋይዲዎቹ፣ ቮልስዋገን አይዲ ፎር ክሮዝና አይዲ ሲክስ በየመንገዱ ይታያሉ። እዚያ መኪናውን የሚጋሩት ብዙ ጊዜ ባለቤቱና ቅጥር ሹፌሩ ናቸው። ሲገዙ መጀመሪያ መታየት ያለበት የሾፌሩ ወንበር በሞተር የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። በርካሾቹ ላይ ወንበሩ ብዙ ጊዜ በእጅ ነው የሚገፋው፤ ሞተርና ማስታወሻ ከሌለው ስክሪኑ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ስም ብትጽፉ ወንበሩ አይነቃነቅም። ማስታወሻ ካለው ሻጩ ፊት ሁለት አቀማመጥ አስቀምጣችሁ እያቀያየራችሁ ሞክሩት።

ሁለተኛው አካውንቱ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች አካውንታቸው ብዙ ጊዜ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ስለዚህ በአካውንት የሚሠራው የፕሮፋይል ክፍል አዲስ አበባ ላይ ላይሠራ ይችላል። መኪናው ያገለገለ ከሆነ ከቀድሞው ባለቤት አካውንት መላቀቁን ሻጩ በስክሪኑ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ካልተላቀቀ የቀድሞው ሰው ከርቀት ሊያየው የሚችልበት መንገድ ክፍት ነው። ምናሌው በቻይንኛ ከሆነ የስልክ ካሜራ መተርጎሚያ ወንበርና አካውንት የሚሉትን ለማግኘት ይበቃል። ያልገባችሁን ማዘዣ ግን መኪናው እየሄደ አትንኩ።

ሾፌር ሲለቅ፣ መኪናው ሲሸጥ

አንድ ሰው ቴስላውን መጋራት ሲያቆም ስሙን ከፕሮፋይሉ ዝርዝር መሰረዝ መኪናውን አይዘጋበትም። ከሎክስ ዝርዝር የስልኩን ቁልፍ ሰርዙ፤ መኪናው ስረዛውን በሌላ ቁልፍ እንድታረጋግጡ ስለሚጠይቅ ካርዱን ያዙ። ከአፑም ሾፌርነቱን አንሱ። ካርድ ተሰጥቶት ከነበረ ተቀበሉት፤ ከጠፋበት ያንን ካርድ ከዝርዝሩ አውጡት። ፒን ያውቅ ከነበረ ፒኑን ቀይሩ።

ፕሮፋይሎቹ አልመርጥ ካሉ ወይም ስክሪኑ ከደረቀ ፓርክ አድርጋችሁ በመሪው ላይ ያሉትን ሁለቱን ተሽከርካሪ ቁልፎች ስክሪኑ እስኪጠቁር ድረስ አንድ ላይ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ሲነሳ ፕሮፋይሎቹ አይጠፉም። መኪናውን ስትሸጡ ግን በኮንትሮልስ ውስጥ ሰርቪስ ከሚለው ሥር ፋክተሪ ሪሴት አድርጉ፤ ፕሮፋይሎቹን፣ የቤት አድራሻዎቹንና የሙዚቃ አካውንቶቹን ያጠፋል። ከዚያ በአፑ ላይ የባለቤትነት ዝውውሩን ጨርሱ። ሁለቱ ካርዶች ከመኪናው ጋር ይሂዱ።